ምዕራፍ 6፦ ጢስና የሕፃናት ዕድገት

ሕፃን ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ብልቶቹ ሁሉ የተሟሉ ቢመስሉም፥ የተፈጥሮ ሥራ ገና አልተፈጸመለትም፤ ይልቁንም ሳንባው ለዕድሜ ልኩ ከሚያስፈልጉት ረቂቃን የአየር ከረጢቶች አብዛኞቹን የሚያበጀው ከልደት በኋላ ነውና፥ በነዚህ ዓመታት የሚተነፍሰው አየር እንደ ጡትና እንደ እህል ከዕድገቱ መሠረቶች አንዱ ሆኖ ሊቈጠር ይገባል።

በአገራችን በብዙው ቤት እንጨት፥ ኩበትና ቅጠል በጉልቻ መካከል እየነደደ እንጀራ ሲጋገር፥ እናቲቱ ልጇን አዝላ ከምጣዱ ዳር ትቈያለች፤ ከጢሱም ውስጥ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጡት፥ ይኸውም የጠጉርን ውፍረት አንድ ሠላሳኛ እንኳ የማያህሉት ብናኞች፥ በአፍንጫ ሳይገቱ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይዘልቃሉ። ጎልማሳ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ሲተነፍስ፥ አዲስ የተወለደ ሕፃን 40 ጊዜ ያህል ስለሚተነፍስ፥ ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን ከእናቱ ይልቅ ብዙ ጢስ የሚቀበለው እርሱ ነው። በዚህም ምክንያት የሳንባ ምች ይደጋግመዋል፤ ደዌ የደጋገመውም ልጅ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፥ የበላውም ለቁመቱና ለሥጋው መዋሉ ቀርቶ ለተጋድሎው ያልቃል።

በአሜሪካ፥ በደቡብ ካሊፎርኒያ 12 ከተሞች የሚኖሩ 1,759 ልጆች ከ10 እስከ 18 ዓመታቸው ድረስ ሳንባቸው እየተለካ ከቈየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ጥናት፥ አየሩ በተበከለባቸው ከተሞች ያደጉት የሳንባቸው ዕድገት ከሌሎቹ አንሶ ተገኝቷል፤ ዳሩ ግን በዚያው ክፍለ አገር አየሩ እየጠራ ከሄደ በኋላ ያደጉት ልጆች የተሻለ ሳንባ እንዳፈሩ በ2015 የወጣው ሌላ ጥናት አስረድቷልና፥ ጉዳቱ የማይቀር ዕጣ አይደለም።

እንግዲህ ማገዶውን አድርቆ ማንደድ፥ በሚጋገርበት ሰዓት ሕፃኑን ከማዕድ ቤት ማራቅ፥ መብራት ባለበትም በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ይገባል። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን ከሰል ነው፤ ጢሱ ስለማይታይ ብዙ ሰው ያለ ሥጋት በአራስ ቤት በሩን ዘግቶ ያነደዋል፥ ሆኖም ከፍሙ የሚወጣው መልክም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክሲጅን ከ200 እጅ በላይ ስለሚበልጥ፥ በነፍሰ ጡር ሆድ ያለውን ፅንስ ኦክሲጅን ያሳጣዋል፥ በተዘጋ ክፍልም ነፍስ ያጠፋል። መስኮት ማውጣትና የጢስ መውጫ መሥራት ደግሞ ለእናት ብቻ የሚተው ሳይሆን የአባወራው ግዴታ ነው፤ እንጀራውን የሚበላ ሁሉ እንጀራው የሚጋገርበትን ቤት አየር ሊያስብበት ይገባዋልና።