ከደጅ ወደ ሸንጎ፦ እናቶች በሰላም ሥራ ያላቸው ድርሻ



በአጥቢያችን ጠብ ሲነሣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ካህናትም መስቀል ይዘው በመካከል ይቆማሉ። ይህ ከአባቶቻችን የተረከብነው መልካም ሥርዓት ነው። በሸንጎው ላይ ግን እናቶች ብዙውን ጊዜ አይታዩም። ልጅ የቀበሩት፣ ተፈናቃዩን ያስጠለሉት፣ የቂሙንም ሥር ከቤት ውስጥ የሚያውቁት እነርሱ ሆነው ሳለ ቃላቸው ሳይሰማ ዕርቁ ይፈጸማል። በዚህ ትምህርት የላይቤሪያ ሴቶችን ታሪክ መነሻ አድርገን ይህን ጉድለት እንመረምራለን።

የላይቤሪያ እናቶች

ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት በሁለት የእርስ በርስ ጦርነቶች ታመሰች፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ጠመንጃ ተሸከሙ። በ2003 ሌይማ ግቦዊ ከሌሎች ጋር ያስተባበረቻቸው ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው በዋና ከተማዋ በሞንሮቪያ፣ በዓሣ ገበያው ሜዳ ላይ በፀሐይና በዝናብ ተቀመጡ። ልመናቸው አንድ ነበር፦ ጦርነቱ ይቁም። በሚያዝያ ወር ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር ተቀብለው አነጋገሯቸው።

በሰኔ ድርድሩ በጋና ተጀመረ። ተደራዳሪዎቹ ሳምንታት ሲያስቆጥሩ በሞንሮቪያ የከባድ መሣሪያ ጥይት ይዘንብ ነበር። በሐምሌ ሴቶቹ የአዳራሹን በር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዘጉ፤ ስምምነት ሳይደረስ ማንም አይወጣም አሉ። የስምምነቱ ፊርማ ነሐሴ 18 ቀን 2003 ተፈጸመ። በእርግጥ ሰላሙን እነርሱ ብቻ አላመጡትም፤ የጎረቤት አገሮች ግፊትና የቴይለር ሥልጣን መልቀቅም ድርሻ ነበራቸው። የሴቶቹ ጽናት ግን ተደራዳሪዎቹ የሕዝቡን ስቃይ እንዳይዘነጉ አድርጓል።

ከፊርማው በኋላም ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ታጣቂዎች መሣሪያ እንዲያስረክቡ መከሩ፤ ሴቶች ለምርጫ እንዲመዘገቡ ቀሰቀሱ። በ2005ቱ ምርጫ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ አሸንፈው በአፍሪካ በሕዝብ ምርጫ ርእሰ ብሔር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ትምህርቱ

እነዚህ ሴቶች በድርድሩ ራሱን የቻለ ወገን ሆነው አልተቀመጡም፤ ቃላቸው የተሰማው በሩን ስለ ዘጉ ነው። እናት ለመሰማት በር እስክትዘጋ መጠበቅ የለብንም። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በ2000 በውሳኔ ቁጥር 1325 ሴቶች በሰላም ውሳኔዎች ሙሉ ተሳትፎ እንዲኖራቸው ጠይቋል።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኦሮሞ ባህል ባለትዳር ሴት ሲንቄ ይዛ በተጣሉ ሰዎች መካከል ስትቆም ጠቡ ይቆማል። በቅዱስ መጽሐፍም አቢግያን እናገኛለን (1ኛ ሳሙ. ምዕ. 25)። ዳዊት 400 ያህል ሰዎች አስከትሎ የናባልን ቤት ሊያጠፋ ሲወጣ አደጋውን ከብላቴኖቹ አንዱ የነገረው ለእርሷ ነበር። እርሷም ሳትዘገይ ስንቅ ጭና ወጣች፤ ደም ሳይፈስ ቁጣውን አበረደች። ዛሬም በምንጭ፣ በወፍጮ ቤትና በገበያ የጠቡን ጭስ ቀድመው የሚያዩት እናቶች ናቸው። ምልክቱን የሚነግሩት ጆሮ ካጡ ግን ጭሱ እሳት ይሆናል።

በአጥቢያችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለዕርቅ ከሚመረጡት ሽማግሌዎች ጋር ከእናቶች ማኅበራት የተመረጡ ሴቶች በሙሉ ድምፅ ይቀመጡ፤ ድግሱን ማዘጋጀት ብቻ ተሳትፎ ተብሎ አይቆጠር። ሁለተኛ፣ በአደባባይ የማይነገር በደል የደረሰባቸው ሴቶች ስላሉ ከሸንጎው በፊት ለብቻቸው ይደመጡ፤ ምስጢራቸውም ይጠበቅ። ሦስተኛ፣ ከዕርቁ በኋላ ቃሉ መከበሩን፣ ካሳው መከፈሉን፣ የተፈናቀለው መመለሱን የሚከታተል ኮሚቴ እናቶችን ይጨምር። ነገር ግን ሴቶችን ያለ ጥበቃ ወደ ታጠቀ ሰው ፊት መላክ ተሳትፎ አይባልም፤ ኃላፊነቱን ጉባኤው አብሮ ይሸከም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን በመጨረሻ በተደረገው ዕርቅ ስንት እናቶች ተሰሙ? ያልተሰማውስ ምን ነበር?
2. አንዲት እናት የጠብ ምልክት ብታይ ለማን ትነግራለች? የሚሰማትስ ማን ነው?
3. እስከሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ድረስ ከሦስቱ የትኛውን እንጀምራለን?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።