ከአዲስ ዓለም እስከ ለቡና ቦሌ፦ የሌሊትና የማለዳ ጉዞን ያለ ጭንቀት ማያያዝ

ባቡርና አውሮፕላን በሰዓታቸው ይነሳሉ፤ ሚኒባስ ሲሞላ ይነሳል። ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ ከአዲስ ዓለም ወይም ከሆለታ ተነስቶ ለቡ ላይ የድሬዳዋን ባቡር፣ ወይም ቦሌ ላይ የእኩለ ሌሊት በረራ ለመያዝ የሚሄድ ሰው የሚጨነቀው በዚህ ልዩነት ነው። ርቀቱ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አምቦ የዚህን እጥፍ ያህል ትርቃለች። አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለምን ለመናገሻነት ባሰቧት ዘመን የተጠረገው መንገድ ዛሬም የምዕራብ ሸዋ ዋና መውጫ ነው፤ ሐዲድ ግን በዚህ አቅጣጫ ተዘርግቶ አያውቅም። ስለዚህ ጉዞው በመኪና ይጀምራል፣ አስኮ መናኸሪያ ላይ ይቋረጣል፣ ከዚያም ከተማውን አቋርጦ ወደ ጣቢያው ወይም ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይቀጥላል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ቢጀምርም ይህን ክፍተት አይሞላም። ሁለቱ መስመሮቹ ከጦር ኃይሎች አያትን፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲን የሚያገናኙ ሲሆኑ አስኮንም፣ ለቡንም፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያንም አይደርሱም። በሁለቱ ጉዞዎች መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው እንግዲህ የተጓዡ ዕቅድ ብቻ ነው። የዕቅዱ መሠረትም አንድ ነው፦ ትርፍ ጊዜ መቀመጥ ያለበት ማንንም ከማይጠብቀው መጓጓዣ በፊት፣ በተቻለ መጠንም ከመነሻው አጠገብ ነው። መንገድ ላይ የሚገኝ ትርፍ ሰዓት ጎማ ሲተነፍስ ወይም ኬላ ላይ ሰልፍ ሲኖር ይጠፋል፤ ጣቢያው በር ላይ የደረሰ ሰው ትርፍ ሰዓት ግን አይነካም።

1. የመነሻውን ቀንና ሰዓት በትክክል ማንበብ

ጉዞ የሚያመልጠው በመንገድ መዘጋጋት ብቻ ሳይሆን ቲኬት ላይ ያለውን ሰዓት አሳስቶ በማንበብም ነው። የአውሮፕላን ቲኬት የሚጻፈው በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ ሀገር ቤት ሰዓት ለመመለስ 6 ይቀነሳል፣ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ይቀነስለታል፤ ቲኬቱ 14፡00 ቢል ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 22፡30 ቢል ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ላሉት ሰዓታት ደግሞ 6 ይደመራል፤ 01፡15 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ይሆናል።

ከፍተኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቲኬቱ ሰኞ ጃንዋሪ 12 ቀን 2026፣ 01፡15 የሚል ከሆነ ተጓዡ ከቤቱ የሚወጣው እሑድ ጥር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ነው፤ በረራው እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ነውና። ሰኞ ማታ የሄደ ሰው የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ ቲኬቱ በእጅ እንደገባ የቀኑ ስም፣ የኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት፣ «ለ…አጥቢያ» ተብሎ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሌላ ሰውም ያመሳክረው።

ለባቡር ደግሞ የሚነሳበት ቀን ራሱ ይጣራ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀምር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ይዞ ነው፤ የመንገደኛ ባቡሩ የሚነሳባቸው ቀናትና ሰዓታት ግን ይለዋወጣሉ። ባለፈው ዓመት የተጓዘ ሰው የነገረውን መያዝ አይበቃም። ቲኬት ሲገዛ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ባቡሩ የሚነሳበት ሰዓት፣ የጣቢያው በር የሚዘጋበት ሰዓት፣ ቢያመልጥ ቲኬቱን ስለ መቀየር ያለው ደንብ።

2. ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማስላት

ስሌቱ የሚጀምረው ከማይለወጠው ሰዓት ነው። ለምሳሌ ባቡሩ ከለቡ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሳል ቢባል፦

- ለፍተሻና ለጓዝ 1 ሰዓት፦ ጣቢያው ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት መድረስ ያስፈልጋል።
- ከአስኮ በዊንጌትና በጦር ኃይሎች በኩል እስከ ለቡ 1 ሰዓት፦ ከአስኮ ንጋት 12 ሰዓት መውጣት ያስፈልጋል።
- አስኮ ላይ ወርዶ ሌላ መኪና ለመያዝ ግማሽ ሰዓት፦ አስኮ 11 ሰዓት ተኩል።
- ከአዲስ ዓለም እስከ አስኮ 1 ሰዓት ተኩል፦ ከአዲስ ዓለም ከሌሊቱ 10 ሰዓት።
- ሚኒባሱ እስኪሞላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፦ መናኸሪያ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል።

በዚያ ሰዓት የሚጭን ሚኒባስ አይገኝም፤ ከአምቦማ ከዚህም ይበልጥ ቀድሞ መነሳት ሊያስፈልግ ነው። ስሌቱ ግልጽ መልስ ይሰጣል፦ የማለዳ ባቡር የሚይዝ ሰው በዋዜማው አዲስ አበባ ይግባ።

ለእኩለ ሌሊት በረራም በዚያው መንገድ ይሰላ። በረራው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከሩብ ከሆነና 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ካስፈለገ፣ ቦሌ ላይ መገኘት የሚገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው። ከአስኮ በፒያሳና በመስቀል አደባባይ በኩል እስከ ቦሌ ምሽት ላይ 1 ሰዓት ተኩል፣ ከአዲስ ዓለም እስከ አስኮ 1 ሰዓት ተኩል፣ ለመሙላት 1 ሰዓት ሲቀነስ 12 ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ይህ ግን አንዳች እንከን እንዳይገጥም የሚጠይቅ ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ 3 ሰዓት ትርፍ ተቀንሶ፣ ከአዲስ ዓለም ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ መነሳት ይገባል። እንዲህ ሲሆን መንገዱ በቀን ብርሃን ያልቃል፤ ከተማውን ሲሻገሩም ሠራተኛው ከቢሮ በሚወጣበት ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው መጨናነቅ ቢገጥም ትርፉ ሰዓት ይሸፍነዋል።

3. የሚታደርበትን ቦታ መምረጥ

ማደር የጉዞ አካል እንጂ የጊዜ ብክነት አይደለም። አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. የደረሰው የቀድሞው የፈረንሳይ ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ከጅቡቲ በሦስተኛው ቀን ነበር አዲስ አበባ የሚገባው። የረጅም መንገድ አውቶቡስም ንጋት ላይ ተነስቶ ሲመሽ በመንገድ ከተማ ማሳደሩ የቆየ ልማድ ነው።

የሚታደርበት ሰፈር የሚመረጠው ከሁለተኛው ጉዞ አጠገብ እንጂ ከመጀመሪያው አጠገብ አይደለም። አስኮ ወርዶ እዚያው አልቤርጎ የሚይዝ ሰው ከባዱን የከተማ መንገድ ለንጋት ያተርፈዋል። ለቡ ለሚሄድ ጀሞ፣ መካኒሳ፣ ኃይሌ ጋርመንት ወይም ለቡ ራሱ ይሻላል፤ ለአውሮፕላን ደግሞ የቦሌ አካባቢ። ዘመድ ቤት የሚያድር ሰው የሚነሳበትን ሰዓት ማታውኑ ለቤተሰቡ ይንገር፣ የግቢው በር በሌሊት ማን እንደሚከፍት ይወቅ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ቢወጣ ቅር እንዳይላቸው አስቀድሞ ይንገራቸው። አልቤርጎ የሚያድር ደግሞ ሒሳቡን ማታ ይክፈል፣ ዘበኛውንም ቀስቅሰኝ ብሎ ያሳስብ።

4. ቲኬትን በአንድ ማድረግ

ቦሌ ደርሶ ወደ ሌላ በረራ የሚቀይር ሰው ሁለቱን በረራዎች በአንድ ቲኬት መግዛቱ ትልቅ ዋስትና ነው። በአንድ ቲኬት ላይ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥ፣ ተጓዡን በሚቀጥለው የማሳፈር ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው፤ ጓዙም አብዛኛውን ጊዜ እስከ መጨረሻው መዳረሻ ይላካል። ሁለት የተለያየ ቲኬት የያዘ ሰው ግን ጓዙን ራሱ ተቀብሎ እንደ አዲስ ያስመዘግባል፤ ቢዘገይም ኪሳራው የራሱ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለት ቲኬት መግዛት ግድ ከሆነ በመካከላቸው ሌሊት ይግባ።

5. በዋዜማው መንገዱን ማጣራት

ከመነሳት አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ያለ ተራ አስከባሪ፣ ሾፌር ወይም በዚያ ቀን የተጓዘ ሰው ይጠየቅ። በቅርብ ዓመታት በምዕራብ ሸዋ በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበትና ፍተሻ የሚበዛበት ጊዜ ነበር፤ የሌሊት ጉዞ ደግሞ ይበልጥ አስጊ ነው። ክረምት ላይ ዝናብና ጉም ስለሚያዘገይ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጨመር። በበዓል ዋዜማ ሚኒባስ ማግኘት ራሱ ወረፋ ይጠይቃል። መስከረም 16 የደመራ ዕለት በመስቀል አደባባይ ዙሪያ፣ በጥምቀት ከተራ ደግሞ ታቦታት በሚያልፉባቸው ጎዳናዎች መንገድ ስለሚዘጋ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ሌላ መንገድ ያስብ።

መታወቂያ፣ ፓስፖርትና ቲኬት በአንድ ኪስ ይቀመጡ፤ የቲኬቱ ፎቶ በስልክ ይያዝ። ስልኩ ይሞላ፣ ለኮንትራት ታክሲ የሚሆን ጥሬ ገንዘብም ሳይነካ ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ጊዜ ግን ጉዞው የሚድንበት ነው።

6. በመንገድ ላይ መወሰኛ ሰዓት ማበጀት

ጭንቀት የሚበረታው «አሁን ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ መኪና ውስጥ ሲነሳ ነው። መልሱ ቤት ሳለ ከተጻፈ ሐሳቡ ያርፋል። ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ መወሰኛ ሰዓት ይያዝ። ለምሳሌ ከላይ ላለው በረራ፦ ሚኒባሱ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ካልሞላ የቀሩትን ወንበሮች ከሌሎች ጋር ከፍሎ ማስነሳት፤ ሆለታ ላይ 11 ሰዓት ካለፈ ከአስኮ ወዲያ በተራ ታክሲ መቀያየሩን ትቶ በቀጥታ ኮንትራት መያዝ ወይም በስልክ እንደ ራይድና ፈረስ ያለ ታክሲ መጥራት። ሰዓቱ ካልደረሰ ምንም አይደረግም፤ ተጓዡም በየደቂቃው ሰዓት ማየት አያስፈልገውም።

በምሽት መኪና ሲያዝ ታርጋው ለቤተሰብ በመልእክት ይላክ፤ ዋጋው ከመሳፈር በፊት ይቆረጥ። ለብቻ የምትጓዝ ሴት ወይም ተማሪ መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ የሚቀበል ሰው ብታዘጋጅ ይመረጣል።

7. ሲዘገይ ወይም ሲያመልጥ

መድረስ እንደማይቻል እንደታወቀ፣ በረራው ከመነሳቱ በፊት ወደ አየር መንገዱ ወይም ቲኬቱን ወደሸጠው ወኪል ይደወል። ሳያሳውቁ መቅረት የመመለሻውን በረራ ጭምር ሊያሰርዝ ይችላል። የባቡሩም ጉዳይ በዚያው ዕለት ቲኬት ቢሮ ይጠየቅ። ቀጥሎ ለሚቀበለው ሰው ይነገር፤ ከዚያም የማደሪያ ቦታ ይፈለግ። ያመለጠ ጉዞ ገንዘብና ቀን ያስከፍላል፤ ያመለጠውን ለመድረስ በሌሊት ማብረር ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ ሾፌርን «ፍጠን» ብሎ መጎትጎት በዕቅዱ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም።

8. በምሽት ደርሶ ወደ ምዕራብ ሸዋ መመለስ

ከድሬዳዋ በባቡር ወይም ከውጭ ሀገር በአውሮፕላን የሚገባ ሰው ከመሸ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ከአስኮ ወደ ሆለታ፣ አዲስ ዓለምና አምቦ የሚጭኑ መኪኖች ሲመሽ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ የሚገኙትም ዋጋ ይጨምራሉ። የመጨረሻውን መኪና ለመያዝ ከጓዝ ጋር መሮጥ አያዋጣም። ለቡ ወይም ቦሌ ከ12 ሰዓት በኋላ የሚደርስ ተጓዥ አዲስ አበባ ለማደር ከመነሻው ይወስን፤ ቤት የሚጠብቁትም ሌሊቱን በር በር እያዩ እንዳያነጉ የሚገባው በማግስቱ መሆኑን አስቀድሞ ያሳውቃቸው። ንጋት ላይ አስኮ የደረሰ ሰው መኪና በቀላሉ ያገኛል፤ ረፋድ ሳይሆን አዲስ ዓለም ይገባል።