አሮጌ የባርኔጣ መሥሪያ ዕቃዎች ምን ያስተምሩናል?



ባርኔጣ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ራስ ላይ የሚደረገውን ነው። ቅርጽ ያወጣለትን እንጨት ግን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን? ጫማ ሠሪ ቆዳውን የሚወጥርበት ፎርማ እንዳለው ሁሉ ባርኔጣ ሠሪም የራሱ ፎርማ አለው። ከታች ጠፍጣፋ፣ ከላይ እንደ ሰው አናት ድብልብል ያለ እንጨት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህንና ሌሎችን የሙያው አሮጌ ዕቃዎች የሚሰበስቡ፣ አዲስም የሚቀርጹ ሰዎች አሉ። «አሮጌ እንጨት መሰብሰብ ምን ይጠቅማል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለእሱ መልስ መስጠት ነው።

1ኛ/ አሠራሩ

የፌልት ባርኔጣ አይፈተልም፣ አይሸመንም። የጥንቸል ወይም ቢቨር የተባለው የውሃ ዳር እንስሳ ፀጉር በሙቅ ውሃ እየታሸ እርስ በርሱ ይያያዝና ቆብ መሳይ ነገር ይሆናል። ቆቡ በእንፋሎት ይለሰልስና ፎርማው ላይ ተጎትቶ ይለበጣል። አናቱና ክፈፉ በሚገናኙበት ቦታ በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ሲደርቅ የፎርማውን ቅርጽ እንደያዘ ይቀራል።

ታዲያ የባርኔጣው አናት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ከሆነ ፎርማው እንዴት ይወጣል? እዚህ ላይ ነው የሠሪዎቹ ብልሃት! ፎርማውን አምስት ቦታ ከፍለው ይገጣጥሙታል። መጀመሪያ መሐለኛው ቁራጭ ይሳባል፤ ክፍት ቦታ ሲገኝ የቀሩት አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ሌላው አስደናቂ መሣሪያ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ የተፈለሰፈው ኮንፎርማቴር ነው። ራስ ላይ ሲደረግ በዙሪያው ያሉት ዘንጎች በራሱ ልክ ይገፋሉ፤ ከላይ ባለችው ወረቀት ላይም የራሱን ዙሪያ አሳንሰው በመርፌ ነጥብ ያወጣሉ። ወረቀቷን ያየ ሰው የሰው ራስ ክብ አለመሆኑን ይረዳል። ሞላላ ነው፤ እሱም ቢሆን የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

2ኛ/ የባርኔጣ ሂሳብ

ይሄ ለክፍል ትምህርት የሚሆን ነው። የራስ ዙሪያ በሜትር ሲለካ 57 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ለ3.14 ሲካፈል 18.15 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ይህን ለ2.54 ብናካፍል 7.15 ኢንች ገደማ እናገኛለን። በአሜሪካ ባርኔጣ ውስጥ ይህ ሰው የሚፈልገው ቁጥር 7⅛ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ቁጥሩ የመጣው ከዙሪያና ከመሐል አቋራጭ ዝምድና ነው። «ፓይ ምን ያደርግልናል?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የት ይገኛል?

3ኛ/ ከዕቃው በስተጀርባ ያለው ሠራተኛ

በድሮው አሠራር ፀጉሩ ቶሎ እንዲያያዝ በሜርኩሪ (ባዜቃ) ውሕድ ይቀባ ነበር። ሙቀት ሲያገኘው መርዙ እየተነነ ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ይገባል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጠባይ ይለወጣል፣ ሰው መፍራትና መነጫነጭ ይመጣል። የባርኔጣ ፋብሪካዎች በበዙባት ዳንበሪ በተባለች የአሜሪካ ከተማ በሽታው «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» እስከመባል ደርሶ ነበር። በአሜሪካ በባርኔጣ ሥራ ላይ ሜርኩሪን መጠቀም የቀረው በ1941 (እ.ኤ.አ.) ነው። እንግዲህ ያ ያማረ ባርኔጣ በስንት ሰው ጤና እንደተሠራ አስቡት!

በእንግሊዝ አገር ስቶክፖርት በፌልት ባርኔጣ፣ ሉተን በገለባ ባርኔጣ የታወቁ ከተሞች ናቸው። ባርኔጣ ማድረግ እየቀረ ሲሄድ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ተዘጉ። የስቶክፖርቱ የመጨረሻ ፋብሪካ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ፤ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ እዚያው ከተማ የባርኔጣ ሙዚየም ተከፈተ። ዕቃው ባይሰበሰብ ኖሮ ሙዚየሙ ምን ያሳይ ነበር?

4ኛ/ ሲሰበሰብ መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

ሀ/ አሮጌ ፎርማ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም፣ ቫርኒሽም አይቀባም። ከሥሩ የተመታው ቁጥር ልኩን ይናገራል፤ በጠርዙ ያሉት የሚስማር ቀዳዳዎችና የገመዱ ፍግፋጊ ሠራተኛው እንዴት ይሠራበት እንደነበር ይመሰክራሉ። ፈገፈግነው ማለት መጽሐፉን አጠፋነው ማለት ነው።

ለ/ ድሮ የተሠራ የፌልት ባርኔጣ ውስጥ ሜርኩሪው እስከ ዛሬ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እጅ ማሻሸት፣ አቧራውንም ማራገፍ አይገባም።

ሐ/ አሮጌው ለምስክርነት ይቀመጥ፤ የሚያብረቀርቅ የፈለገ አዲስ ይሥራ።

5ኛ/ የባርኔጣ ማስቀመጫ አሠራር

ባርኔጣ ሚስማር ላይ ሲሰቀል አናቱ ይጎደጉዳል፤ በክፈፉ ሲቀመጥ ክፈፉ ይጣመማል። ስለዚህ ማስቀመጫው አናቱን ከውስጥ ደግፎ ክፈፉን በአየር ላይ መተው አለበት። እኛ ዘንድ ለዚህ ሥራ የደረቀ ዋንዛ ይመቻል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ውፍረታቸው 2.5 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ክብ ጣውላዎች በመጋዝ ይቆረጣሉ። ለመቀመጫው የሚሆነው ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለራሱ የሚሆኑት ሦስቱ ደግሞ 15፣ 14 እና 12 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ሦስቱ ትልቁ ከታች ሆኖ በኮላ ይደራረባሉ፤ ኮላው ሲደርቅ ጠርዙ በሞረድ ይደበለበላል። 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ምሰሶ ከታች በመቀመጫው፣ ከላይ በራሱ መሐል በተበሳ ቀዳዳ ገብቶ በኮላ ይጣበቃል። በመጨረሻ ራሱ ንጹሕ ጨርቅ ይለብሳል። ቶርኖ አያስፈልግም፤ መጋዝ፣ ሞረድና ትዕግሥት ይበቃል።

ውድ እጩ መምህራን፣ ነገ የምንሄድባቸው ቀበሌዎች ባርኔጣ ፋብሪካ ላይኖራቸው ይችላል። የሸማኔው መወርወሪያ፣ የቀጥቃጩ ወናፍ ግን አይጠፋም። ተሰብሮ ከመጣሉ በፊት ባለሙያውን ጠይቀን፣ ስሙን ከነአሠራሩ ጽፈን ክፍላችን ውስጥ ብናስቀምጠው ተማሪው የአባቱን ሙያ ንቆ አያድግም።

መልመጃ፦ የጓደኛህን ወይም የጓደኛሽን ራስ ዙሪያ በክር ለኩና የባርኔጣውን ቁጥር በኢንች አስሉ። ክሩንም ጠረጴዛ ላይ ክብ አድርጋችሁ ከራሱ ቅርጽ ጋር አስተያዩት።