ድካም፣ ትንፋሽና መቅኔ
በእንቅልፍ ጊዜ ስለሚደርስ የትንፋሽ መቋረጥና ስለ ደም ካንሰር ለጥናት ክበብ የቀረበ

ባዳሮና በአካባቢው በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ ተማሪም እንሁን ሠራተኛ፣ «ደከመኝ» የማይል የለም። ለዚህ ድካም የምንሰጠው ትርጉም ግን ይለያያል። አንዱ ናፍቆት ነው ይላል፤ ሌላው የሥራ ብዛት ነው ይላል፤ አንዳንዱ አሠሪ ደግሞ ስንፍና ይለዋል። ከዚህም አልፎ «የሚያንኮራፋ ሰው የደም ካንሰር ይይዘዋል» የሚል ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሰምተናል። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንመረምራለን። አንደኛ፣ በወሬው ውስጥ ያለው እውነት ምን ያህል ነው? ሁለተኛ፣ ድካም ለሐኪም መቅረብ የሚገባው መቼ ነው?

1ኛ/ የትንፋሽ መቋረጥ ምንድን ነው?

ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ የአየሩ መተላለፊያ ከመጠን በላይ ስለሚጠብ ትንፋሹ ይቆማል፣ ወይም በጣም ያንሳል። ይህ ሁኔታ 10 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ከቆየ ሐኪሞች እንደ አንድ መቋረጥ ይቈጥሩታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ጊዜ የደረሰ እንደሆነ ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ ይባላል። በየመቋረጡ የደሙ ኦክሲጅን ይወርዳል፤ አንጎል ሰውየውን ለቅጽበት ይቀሰቅሰዋል፤ እሱ ግን አያውቀውም። ስለዚህ 8 ሰዓት ተኝቶ ምንም እንዳልተኛ ሆኖ ይነሣል።

ውፍረት፣ የአንገት መወፈር፣ የመንጋጋ አፈጣጠር፣ የቶንሲል ማበጥና መጠጥ ለዚህ በሽታ ያጋልጣሉ። ማንኮራፋት ብቻውን ግን በሽታው አለ ማለት አይደለም። ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ብሎ ሰውየው እንደ መታነቅ ብሎ የሚነሣ ከሆነ፣ ጧት ጧት ራሱን የሚያመው፣ ቀን ደግሞ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ከሆነ መመርመር ይገባዋል። በአፍንጫ በኩል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሰሊቫን ነው።

2ኛ/ ከደም ጋር ምን ያገናኘዋል?

ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ሉኬሚያ፣ ሊምፎማና ማዬሎማ የምንላቸው የደም ካንሰሮች የሚነሡት ከደም ሴሎች ወይም ከእነርሱ እናት ሴሎች ነው። የትንፋሽ መቋረጥ እዚህ ድረስ ሊደርስ የሚችልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ።

ሀ) የኦክሲጅን መውጣትና መውረድ። በሴሎቻችን ውስጥ ኦክሲጅን ሲያንስ የሚከማች፣ ኦክሲጅን ሲበቃ ደግሞ የሚፈርስ አንድ ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ሲከማች ቀይ ደም እንዲጨምርና አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያድጉ ትእዛዝ ይሰጣል። ሴሎች የኦክሲጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ ያስረዱት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ሥራ ነው። ካንሰርም ለማደግ የደም ሥር ይፈልጋልና ይኸው ትእዛዝ ሊጠቅመው ይችላል።

ለ) የእንቅልፍ መቈራረጥ። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ አንድ ጥናት 14 ጤነኛ ሰዎች ለ6 ሳምንታት በየሌሊቱ ከእንቅልፋቸው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀንሰው ነበር። ከዚያም በደማቸው ውስጥ ከብግነት ጋር የሚያያዙ ነጭ የደም ሴሎች ጨምረው ተገኙ። በአይጦች ላይ በተደረገው ክፍል ደግሞ እንቅልፋቸው የተቈራረጠ አይጦች፣ ኋላ በደንብ ቢተኙም፣ ለውጡ በመቅኔ እናት ሴሎቻቸው ላይ ቀርቶ ታይቷል። ይህ ካንሰር አይደለም፤ መቅኔ ግን የእንቅልፍን ነገር ቸል እንደማይል ያሳያል።

3ኛ/ ማስረጃው እስከ ምን ድረስ ይሄዳል?

በአሜሪካ በዊስኮንሲን 1,522 ሰዎች ለ22 ዓመታት ተከታትለው የተጠኑበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። የትንፋሽ መቋረጣቸው ከባድ የሆነባቸው ሰዎች በካንሰር የመሞታቸው ዕድል ይህ ችግር ከሌለባቸው 4.8 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ቍጥሩ የካንሰርን ዓይነት ሁሉ ባንድነት የያዘ ነው፤ ስለ ደም ካንሰር ብቻ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 5.6 ሚሊዮን በሚደርሱ ሰዎች መዝገብ ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ አንዳንዱ ካንሰር ከዚህ በሽታ ጋር ከፍ ብሎ፣ እንደ ጡት ካንሰር ያለው ደግሞ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ አመለከተ። ወደ ደም ካንሰር ይበልጥ የቀረበው በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ነው። በተፈጥሮአቸው ማዬሎማን የሚቋቋሙ አይጦች ኦክሲጅናቸው እየወረደ እየወጣ እንዲኖሩ ሲደረግ በሽታው በረታባቸው። ይህም ቢሆን በአይጥ ላይ የታየ ነው።

በተጨማሪ ሦስተኛ ወገን አለ፤ ይኸውም ውፍረት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለማዬሎማ እንደሚያጋልጥ በቂ ማስረጃ አለ ብሏል። ውፍረት ለትንፋሽ መቋረጥም ያጋልጣል። ስለሆነም ሁለቱ በሽታዎች ባንድ ሰው ላይ ሲገኙ አንዱ ሌላውን ወልዶታል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህ የምንገነዘበው የሚያጠራጥር ግንኙነት መኖሩን እንጂ የተረጋገጠ መንሥኤ መገኘቱን አይደለም። ወሬው ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል።

4ኛ/ ከሰሜን ተራራዎች የምንማረው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አየሩ ሳሳ ባለበት ደጋ ተወልደን ያደግን ብዙዎች ነን። የኦክሲጅን ማነስ እንዲህ ደምን የሚያውክ ከሆነ የደጋው ሰው እንዴት ሊሆን ነው? መልሱ ከራሳችን አገር ተገኝቷል። ሲንቲያ ቢልና የሥራ ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራራዎች፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን በዚያ ከፍታ ደማቸው ይወፍራል።

ስለዚህ ዘወትር አንድ ዓይነት የሆነ ቀጭን አየርና በየሌሊቱ አሥር ጊዜ መቶ ጊዜ የሚወርድ የሚወጣ ኦክሲጅን አንድ ነገር አይደሉም። የመጀመሪያውን አካል በትውልድ ብዛት ይለምደዋል፤ ሁለተኛው ግን በየጊዜው እንደ አዲስ የሚያስደነግጥ ነው።

5ኛ/ እኛ ባለንበት ሁኔታ

ባዳሮ ለባሕር ቅርብ የሆነ ዝቅተኛ ሰፈር ስለሆነ እዚህ የአየር ማነስ የለም። ያነሰው እንቅልፍ ነው። ተማሪው ትምህርትና ሥራ ደርቦ ያመሻል። በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ደግሞ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ከሁሉ ኋላ ይተኛሉ፤ የሚተኙትም ወጥ ቤት ወይም በረንዳ ላይ የሆነበት ጊዜ በሰብአዊ መብት ድርጅቶች ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. የ1946 የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ወጥ የሥራ ውል ግን በሌሊት ቢያንስ 8 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል፤ የሕክምና ኢንሹራንስም በአሠሪው ላይ ይጥላል። ይህን አንቀጽ የማታውቅ እኅት ብትኖር ማንበብና ማስረዳት የኛ ፋንታ ነው።

በእንቅልፍ ዕጦት የመጣ ድካም ጥቂት ቀን በሚገባ ሲተኙ ይቀላል። ተኝተውም የማይለቅ ከሆነ፣ በተለይም ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ፣ ሌሊት ላብ ካጠመቀ፣ ትኵሳት ከተመላለሰ፣ ንፍፊት ሳያምም ካበጠ፣ ድድ ከደማ፣ ገላ ሳይመታ ከበለዘ፣ ከጎድን አጥንት በታች በግራ በኩል ጣፊያ ከከበደ፣ አጥንት ያለማቋረጥ ካመመ፣ የደም ቈጠራ ምርመራ ሳይዘገይ መደረግ አለበት። ምርመራው ከክንድ ጥቂት ደም ከመቅዳት አይበልጥም። ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ካንሰር ሳይሆን ተራ የደም ማነስ ነው፤ እሱም ቢሆን መታከም ይገባዋል።

ክፉው ቢገኝ እንኳ ተስፋ የሚያስቈርጥ አይደለም። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለውን ዓይነት በክኒን የሚቈጣጠረው ኢማቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በዕርዳታ ፕሮግራም ለሕመምተኞች ለዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጋልጠው ያው የደም ቈጠራ ነው።

የትንፋሽ መቋረጥ የተገኘበት ሰው ሕክምናውን መያዝ ያለበት ልብን፣ የደም ግፊትንና የቀን ንቃትን ስለሚጠቅም ነው፤ የደም ካንሰርን እንደሚከላከል ገና አልተረጋገጠም። መሣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይመጣበት በነበረ አገር፣ ከመግዛት በፊት ስለ ባትሪው መጠየቅ ያሻል። በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስና ከመኝታ በፊት መጠጥ መተው ግን መብራት አይጠይቁም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሁለት በሽታዎች ባንድ ሰው ላይ መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ ለመሆኑ ማስረጃ የማይሆነው ለምንድን ነው?
2. የደጋ ኑሮና የትንፋሽ መቋረጥ ኦክሲጅንን በሚቀንሱበት መንገድ እንዴት ይለያያሉ?
3. በክበባችን ውስጥ ከሐኪም ዘንድ ለምትሄድ እኅት በዐረብኛ ወይም በፈረንሳይኛ ሊያስተረጕምላት የሚችል ማን ነው? ስንት ሰዓት ሊመድብ ይችላል?

ሦስተኛውን ጥያቄ እያንዳንዱ ክበብ በጽሑፍ እንዲመልስ እንጠይቃለን።