የሕዋስ መጽሐፍ ተቀድዷልን ወይስ ተከድኗል?

የሰው አካል ከአንድ ሕዋስ እንደሚጀምር በትምህርታችን ሰምተናል። ያ ሕዋስ ለሁለት፥ ሁለቱም ለአራት እየተከፈሉ ይበዛሉ። ነገር ግን አንዱ ወገን ጡንቻ፥ ሌላው ነርቭ፥ ሌላው ቆዳ ይሆናል። ከአንድ የተገኙት እንዴት እንዲህ ተለያዩ? ይህ ጥያቄ ዕረፍት ስለ ነሣኝ፥ አንብቤ የተረዳሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

በሕዋስ ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባል የትእዛዝ መጽሐፍ አለ። በሰው ዘንድ ፕሮቲን የሚያሠሩት ጂኖች ወደ 20,000 ይጠጋሉ። የቀድሞ ሊቃውንት አንዳንዶቹ፥ ሕዋስ ሥራውን ሲለይ የማያስፈልገውን ገጽ ቀድዶ ይጥላል ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ግን እንግሊዛዊው ጆን ገርደን ከእንቁራሪት እጭ አንጀት የሕዋስ ኒውክለስ አውጥቶ፥ የራሱ ኒውክለስ በጠፋ እንቁላል ውስጥ አስገባው። ከእንቁላሎቹም ጥቂቶቹ አድገው የሚዋኙ እጮች ሆኑ። እንግዲህ የአንጀቱ ሕዋስ መጽሐፍ ተከድኖ ነበር እንጂ አልተቀደደም ማለት ነው።

ታዲያ ገጹን የሚገልጠውና የሚከድነው ማን ነው? ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ለክፍሉ ሁሉ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ቢታደልም፥ መምህሩ ግለጡ ያላለው ምዕራፍ አይነበብም። እነዚህም ፕሮቲኖች በዲ.ኤን.ኤ. ላይ በታወቀ ስፍራ ተጣብቀው አንዱን ጂን ያስገለብጣሉ፥ ሌላውን ያግዳሉ። በሰው ዘንድ 1,600 ያህል ናቸው። ራሳቸውም ከጂን ስለሚሠሩ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ከጎረቤት ሕዋስ የሚመጣ መልእክትም የትኛው እንደሚነቃ ይወስናል።

እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ዴቪስ፥ ሃሮልድ ዋይንትራውብና አንድሪው ላሳር፥ ማዮዲ የተባለውን አንዱን ፋክተር በአይጥ አገናኝ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ ቢያሠሩት፥ ሕዋሶቹ ወደ ጡንቻነት ዞሩ። በ2006 ደግሞ ጃፓናውያኑ ካዙቶሺ ታካሃሺና ሺንያ ያማናካ በአራት ፋክተሮች ብቻ ያደገን የአይጥ ሕዋስ ወደ ፅንስ ሕዋስ ጠባይ መለሱት። ገርደንና ያማናካም በ2012 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ።

ነገሩ ተስፋም ሥጋትም አለበት። የልብ ጡንቻ አንድ ጊዜ ከሞተ በሚገባ አይተካምና፥ ገጹን መግለጥ መቻል ለሕመምተኛ ትልቅ ተስፋ ነው። ዳሩ ግን ከአራቱ አንዱ፥ ሲ-ሚክ የተባለው፥ ያለ ልክ ሲሠራ ካንሰርን ያነሣሣል። ስለዚህ ገና የሚጠናው መግለጡ ብቻ አይደለም፤ በጊዜው መክደኑም ጭምር ነው። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ወደ ሕክምና ትምህርት የምትሄዱ ይህን ሥራ እንደምትቀጥሉት አምናለሁ።