የምንጭ አለቶች ብስለትና የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፦ የኦጋዴን ሼሎችን በጉድጓድ ሎግ ስለማንበብ

የጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ እስከ ወርቃ፣ በአብዛኛው በእሳተ ገሞራ አለት የተሸፈነ በመሆኑ የዚህ ጽሑፍ ምሳሌ የተወሰደው ራቅ ካለው የኦጋዴን ተፋሰስ ነው። በዚያ የሚገኘው የፐርሚያን ዘመን የቦክ ሼል በሐይቅ ውስጥ የተከማቸ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለተገኘው የካሉብ ጋዝ ዋና ምንጭ ተደርጎ ይወሰዳል። ከእርሱ በላይ የሚገኘው የጁራሲክ ዘመን የኡአራንዳብ ሼል በባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ናሙና ሳይኖር፣ በሎግ ብቻ፣ የእነዚህን ሼሎች የኦርጋኒክ ካርቦን መጠን መገመት ይቻላልን?

ባልበሰለ ሼል ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፉት በቀዳዳዎቹ ያለው ጨዋማ ውኃና የሸክላ ማዕድናት ናቸው። ኬሮጅን ራሱ አያስተላልፍም። ሙቀት ሲጨምር ኬሮጅን ዘይት ያመነጫል፤ ዘይቱም ውኃውን ገፍቶ ቦታውን ስለሚይዝ ተቃውሞው በእጅጉ ይጨምራል። ማይስነር እ.ኤ.አ. በ1978 በሰሜን አሜሪካ የባከን ሼል ያሳየው ይህንኑ ነው።

ፓሲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ዘዴ የተቃውሞና የድምፅ ሎጎች እርስ በርስ ይደረባሉ፤ በመካከላቸው የሚታየው ክፍተት ከብስለት ደረጃ ጋር ተጣምሮ ወደ ካርቦን መጠን ይለወጣል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ክፍተቱ 0.5 ቢሆንና የብስለት ደረጃው 8 ነው ብንል ውጤቱ 4.4 በመቶ ይሆናል፤ ደረጃው 10 ነው ብንል ግን 2.0 በመቶ ብቻ። ስለ ብስለት የተሳሳተ ግምት ደካማውን ምንጭ አለት ጥሩ አስመስሎ ያሳያል ማለት ነው።

ብስለቱ ከመጠን ሲያልፍ ነገሩ ይገለበጣል። እንጨት ኤሌክትሪክን አያስተላልፍም፤ በከፍተኛ ሙቀት የከሰለ ከሰል ግን ያስተላልፋል። ኬሮጅንም የቪትሪናይት ነፀብራቁ ከ3 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ወደ ግራፋይት መሰል አወቃቀር ስለሚለወጥ ተቃውሞው ይወድቃል፤ ክፍተቱም ይጠፋል። በካርቦን የበለጸገው አለት ያን ጊዜ በሎጉ ላይ ባዶ ሼል መስሎ ይታያል። ፓይራይት በብዛት ሲኖርም ተመሳሳይ ማሳሳት ይፈጥራል።

በእኔ አስተያየት የቦክ ሼል ጥልቅና ጋዝ አመንጪ በመሆኑ ይህ ዘዴ በእርሱ ላይ መተግበር ያለበት የቪትሪናይት ነፀብራቅ ከቁፋሮ ፍርፋሪ ከተለካ በኋላ ነው። ተቃውሞው ዝቅ ብሎ ሲገኝም የጥግግትና የዩራኒየም ሎጎች አብረው መታየት ይኖርባቸዋል፤ እነዚህ ሁለቱ በግራፋይት አይታለሉምና።