አሮጌ ኩፔ ለዕለት ሥራ፤ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሒሳብ

በአዊ ምድር ፈረስ የሚገዛ ሰው በጠጉሩ ማማር ብቻ ገንዘብ አይቆጥርም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ሰኮናውን ያነሣል፣ ጥቂት አስሩጦ ትንፋሹን ያዳምጣል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በሚከበርበት አገር ይህ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ያው ሰው መኪና ለመግዛት ሲነሣ ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑ ቀለሙ ላይ ይቀራል። በተለይ የቀረበለት መኪና ሁለት በር ያለው፣ ዝቅ ያለ፣ ጣሪያው ወደ ኋላ የተንሸራተተ አሮጌ የስፖርት ኩፔ ከሆነ ጥርስ ማየቱ ይዘነጋል።

ጉዳዩን በምሳሌ ማየት ይቀላል። በግምጃ ቤት የሚኖር አንድ የድንች ነጋዴ አለ እንበል። በየቀኑ ወደ እንጅባራ ይመላለሳል፣ አልፎ አልፎ ወደ ዳንግላና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ጭነቱን በኪራይ አይሱዙ ስለሚልክ ለራሱ የሚፈልገው መመላለሻ ብቻ ነው። ደላላው ሁለት መኪና አቀረበለት። አንደኛው ዕድሜው የገፋ ባለ አራት በር ኮሮላ ነው። ሁለተኛው በዕድሜ የሚቀራረበው፣ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር ኩፔ ነው። ነጋዴው የሚከፍለው ገንዘብ ለቀጣዩ ምርት መግዣ ሊውል የሚችል ካፒታል ነው። ስለዚህ ጥያቄው መኪናው ያምራል ወይ የሚል ሳይሆን ካፒታሉን ይበላል ወይ የሚል ነው።

አሮጌ መኪና ለምን ዋጋ ያዘ?

በኢትዮጵያ መኪና እያረጀ ሲሄድ ዋጋው በዚያው ልክ አይወርድም። ይህ የሆነው በቀረጥና በታክስ ክብደት፣ በውጭ ምንዛሪ እጥረትና በብር የመግዛት አቅም መቀነስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ማስገባትን የበለጠ አከበደው። የሞተር ጉልበቱ ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነና ከተመረተ 7 ዓመት ባለፈው አውቶሞቢል ላይ የተጣለው ኤክሳይስ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አሮጌ ኩፔ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ቀድሞውኑ አገር ውስጥ ከገቡት መካከል ነው። ደላላም ይህን ስለሚያውቅ “ብርቅ ነው፣ ሁለተኛ አይገኝም” ይላል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ብርቅ መሆንና ገበያ መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሮላ ለሽያጭ ሲወጣ የቤተሰብ አባወራው፣ መምህሩና ነጋዴው ሁሉ ገዢ ሊሆኑ ይችላሉ። ባለ ሁለት በር ሲወጣ ግን ቤተሰብ ያለው ሰው ከወዲሁ ይሸሻል። አማትን ወይም የዕድሜ ባለጸጋን ጎንበስ ብለው ከፊት ወንበር ጀርባ እንዲገቡ መጠየቅ ያስቸግራል። የገዢው ቁጥር በጠበበ መጠን ሻጩ ገንዘብ በቸገረው ቀን ዋጋ ለመቀነስ ይገደዳል። ለነጋዴ ደግሞ ንብረት ዋጋ ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን በተፈለገበት ሳምንት ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጡም ቁም ነገር ነው።

ከፍታው፣ ዝናቡና ኮረኮንቹ

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ስለሚቀንስ፣ በወረቀት ላይ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት መኪና በደጋው ላይ የሚሰጠው 75 ገደማ ነው። ኩፔ የተገዛው ለፍጥነቱ ከሆነ አንድ አራተኛው ገና ከመነሻው ጠፍቷል ማለት ነው።

ካርቡራተር ያለው አሮጌ ሞተር ሌላም ችግር አለበት። አየሩ ሲሳሳ የሚገባው ቤንዚን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ውህዱ ይወፍራል። ካንዴላው ጥቀርሻ ይይዛል፣ ማርሚታው ጥቁር ጢስ ይተፋል፣ ነዳጅም ያለ ሥራ ይባክናል። መካኒኩ ካርቡራተሩን ለደጋው እንዲስማማ አድርጎ ካስተካከለው ችግሩ ይቃለላል። በነዳጅ መርጫ ፓምፕና በኮምፒዩተር የሚሠራው ዘመናዊ ዓይነት መጠኑን ራሱ ያስተካክላል፤ ሲበላሽ ግን መመርመሪያ መሣሪያና ባለሙያ ይፈልጋል።

ውኃም በዚህ ከፍታ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩን ከመፍላት የሚያድነው በራዲያተሩ ውስጥ የሚታመቀው ግፊት ነው። ስለዚህ የራዲያተር ክዳኑ ላስቲክ ካረጀ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ የቴስታታ ጓርኒሲዮን አቃጥሎ ሞተር ሊያስወርድ ይችላል። ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በዓባይ በረሃ ቁልቁለቱንና ዳገቱን በአንድ ቀን ስለሚያገኛቸው ፍሬኑም ማቀዝቀዣውም በእጅጉ የሚፈተኑት እዚያ ነው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሞተር እያስያዙ መውረድ እንጂ ፍሬን ረግጦ መውረድ ለአሮጌ መኪና አይበጅም።

ግምጃ ቤት ከዋናው የአዲስ አበባ - ባሕር ዳር አስፋልት ወጣ ያለች ናት። የአብዛኛው ኩፔ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሁለት ሰው ከኋላ ሲጫን ደግሞ ይቀንሳል። የክረምቱ ዝናብ ከበድ ባለበት በአዊ ደጋ ጭቃው ከሥር ተጣብቆ ላሜራውን ያዝጋል። በመኪናው ቁመና ሳይታለሉ ከበሩ ግርጌ፣ ከጎማው ቅስት ውስጥና ከወለሉ ምንጣፍ ሥር መፈተሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በስቱኮ የተደፈነ ዝገት ከላዩ ያበራል፣ ከሥሩ ግን ይበላል።

የሳፋሪ ራሊ ትምህርት

“ኩፔ ለአፍሪካ መንገድ አይሆንም” የሚለውን አባባል የምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ ይቃረነዋል። በአስቸጋሪ መንገዱ በሚታወቀው የሳፋሪ ራሊ ዳትሰን 240ዜድ በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። ፔጆ 504 ኩፔ በ1978 እ.ኤ.አ.፣ ቶዮታ ሴሊካ ደግሞ ከ1984 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ሦስት ጊዜ ድል አድርገዋል። ሁሉም ባለ ሁለት በር ናቸው።

ይሁን እንጂ እነዚህ መኪናዎች ከፋብሪካ እንደወጡ አልተወዳደሩም። ሞላቸው ተጠናክሯል፣ ከመሬት ከፍ ተደርገዋል፣ ከሥራቸው መከላከያ ብረት ተገጥሞላቸዋል። ከኋላቸውም ዕቃና መካኒክ የጫነ ቡድን ይከተል ነበር። ነጋዴው ኩፔ ሲገዛ የሚያገኘው መኪናውን እንጂ ያንን ቡድን አይደለም። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሲቀር ማን ይደርስለታል? የሚለው ጥያቄ ከሞተሩ ጉልበት በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

ዕቃው ይገኛል ወይ?

የጃፓን ኩፔዎች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ብዙዎቹ የሚጋሩት የተራ መኪና ሞተር ነው። የመጀመሪያው ሴሊካ ከካሪና ጋር በአንድ መሠረት ላይ የተሠራ ነው። በዓለም ገበያ ዋጋው ሰማይ የነካው፣ ከ1983 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የተመረተው ባለ ሁለት በር ኮሮላ (ኤኢ86) የተገጠመለት የ4ኤ ቤተሰብ ሞተር በሌሎች ኮሮላዎችና በካሪናም ላይ አለ። ስለዚህ ፋሻ፣ ፍሪሲዮን፣ የውኃ ፓምፕና የመሳሰሉት በመርካቶ ሶማሌ ተራ ተፈልገው ሊገኙ ይችላሉ።

አስቸጋሪው ክፍል ኩፔውን ኩፔ ያደረገው አካሉ ነው። የኋላ መስተዋት፣ ረጅሙ በር፣ የበር ጎማ፣ መብራትና ፓራውልት ከኮሮላ ተፈትቶ አይገጠምም። አንድ ፍንጣሪ ድንጋይ የኋላውን መስተዋት ቢሰብር፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት የሚሠራ መኪና ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። አስተዋይ ገዢ ዋጋ ከመስማማቱ በፊት የሞዴሉንና የሞተሩን ቁጥር ይዞ ወደ ዕቃ ሻጮች ይሄዳል። አምስት የአካልና አምስት የሞተር ዕቃ ጠይቆ ስንቱ እንደሚገኝ ይቆጥራል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ከደላላው የአንድ ወር ወሬ ይበልጣል።

ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች የገበያ ዋጋ ሳይሆኑ ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ቁጥር ተክቶ ሊያሰላ ይችላል። ኩፔው 900,000 ብር፣ ኮሮላው 1,200,000 ብር ይሁን። ሁለቱም በወር 1,200፣ በዓመት 14,400 ኪሎ ሜትር ይሂዱ። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር በላይ ስለሆነ እዚህ ላይ 130 ብር ተብሎ ይያዝ።

ኩፔው በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቢፈጅ የዓመት ነዳጁ 187,200 ብር ይሆናል። ለጥገና የዋጋውን 20 በመቶ 180,000 ብር፣ ለኢንሹራንስና ለዓመታዊ ምርመራ 25,000 ብር፣ ለዘይትና ለጎማ 60,000 ብር ይያዝለት። ገንዘቡ በንግድ ላይ ቢውል 20 በመቶ ያተርፍ ነበር ከተባለ የታጣው ትርፍ 180,000 ብር ነው። ድምሩ 632,200 ብር፣ በኪሎ ሜትር ወደ 44 ብር ይመጣል።

ኮሮላው 8 ሊትር ቢፈጅ ነዳጁ 149,760 ብር ነው። ጥገናው በ10 በመቶ 120,000፣ ኢንሹራንስና ምርመራው 25,000፣ ዘይትና ጎማው 50,000፣ የታጣው ትርፍ 240,000 ብር ነው። ድምሩ 584,760 ብር፣ በኪሎ ሜትር ከ41 ብር ጥቂት ያንሳል።

እስከዚህ ድረስ ልዩነቱ በዓመት 47,440 ብር ብቻ ስለሆነ “ለማማሩ ይከፈልለት” የሚል ሰው አይጠፋም። ሆኖም አንድ ወጪ ቀርቷል። ኩፔው ዕቃ ሲጠብቅ በዓመት 20 ቀን፣ ኮሮላው 4 ቀን ቢቆሙና ነጋዴው ገበያ ባልደረሰበት ቀን 5,000 ብር ቢያጣ፣ በኩፔው ላይ 100,000፣ በኮሮላው ላይ 20,000 ብር ይጨመራል። ልዩነቱ ወደ 127,440 ብር ያድጋል። ኩፔን ለዕለት ሥራ ውድ የሚያደርገው ከጠጣው ቤንዚን ይልቅ ቆሞ የዋለበት ቀን መሆኑን ስሌቱ ያሳያል። ነዳጅ ራሱ ሲጠፋ፣ ወይም ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ እንደታየው መንገድ ሲዘጋና ዕቃ ሲዘገይ ይህ ቀን ይረዝማል።

ሲገዙ የሚታይ

አንደኛ፣ በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር። ሞተር የተቀየረባቸው አሮጌ መኪናዎች ብዙ ናቸውና ያልተመዘገበ ለውጥ ካለ ስም ማዛወሩ ይከብዳል። ዕዳና እገዳ አለመኖሩም ከመዝገቡ ይጣራ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ከሌሊቱ ብርድ እንደተነሣ ሳይሞቅ ይሰማ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀ ሌላ ቀን መመለስ ነው። የየሲሊንደሩ ግፊት ይለካ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ10 በመቶ ካለፈ ዋጋው የሞተር ማስወረጃ ተቀንሶለት ይታሰብ።

ሦስተኛ፣ የጎማ ዕድሜ ይነበብ። በጎማው ጎን በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። 2318 የሚል ጎማ በ2018 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ብዙ የቆመ ኩፔ ጎማው ጥርስ እያለው ላስቲኩ የደረቀ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ መኪናው አራት ሰው ተጭኖበት በኮረኮንች ላይ ይነዳ። ባዶውን በአስፋልት ላይ የተነዳ ኩፔ ምስክር አይሆንም።

አምስተኛ፣ ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ወጪ ለቀለምና ለቸርኬ ሳይሆን ለፍሬን፣ ለማቀዝቀዣና ለላስቲክ ዕቃዎች ይዋል። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ስለሆነ ሳይገባ እንዳይነዳ።

እንግዲህ አሮጌ ኩፔ ለማን ይበጃል? ሌላ የሚሠራ መኪና ላለው፣ ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክ በቅርብ ላገኘ፣ ለአካል ዕቃ የሚሆን ሁለተኛ አሮጌ መኪና አስቀድሞ ለገዛና ገንዘቡን በአስቸኳይ ለማይፈልግ ሰው ይበጃል። ከዕለት ገበያው በስተቀር ሌላ ገቢ ለሌለው፣ ካፒታሉም በአንድ መኪና ላይ ለሚያልቅበት የግምጃ ቤት ነጋዴ ግን ኮሮላው ይሻለዋል። ኩፔውን ከወደደው ንግዱ ሲሰፋ በሁለተኛ መኪናነት ሊገዛው ይችላል። ድስት ጥዶ ከማልቀስ ቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው።